የሳቀችብኝ ሴት «ጸልዪልኝ» ስትለኝ

ያለፈው ዓመት ብርድ ሳይወጣ የሆነ ነገር ነው። ሳስታውሰው ዛሬም ትከሻዬ ቀለል ይለኛል።

የምኖረው ሆላንድ፣ ሮተርዳም፣ ዴልፍስሃቨን የሚባል ሰፈር ነው። ከስንት ልፋት በኋላ ቤት ያገኘሁ ጊዜ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ለምስጋና ተሰበሰቡልኝ፤ እንድጸልይም ጠየቁኝ። ስለ ማሞቂያው፣ ስለ ሊፍቱ፣ ስለ መስኮቶቹ አንድ በአንድ አመሰገንኩ። የመዘምራን መሪዋ ወርቅነሽ፣ «እህቴ፣ ይሄ ጸሎት ነው ወይስ የቤት ርክክብ?» አለች። ቤቱ ሳቅ በሳቅ ሆነ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ድምፄን አውጥቼ ጸልዬ አላውቅም ነበር። «እስቲ እርስዎ» ሲሉኝ ጉሮሮዬን አመመኝ እላለሁ። ሰው ትሑት ናት ይለኛል። እኔ ግን ለእግዚአብሔር እንኳ የሚቀርብ ቃል የሌለኝ፣ ከሰው በታች የሆንኩ ሴት ነኝ ብዬ አምኜ ነበር። ወርቅነሽንም ሰላም እላታለሁ እንጂ ይቅር አላልኳትም።

በሽተኛ የምንጠይቀው ሁለት ሁለት ሆነን፣ በተራ ነው። እኔ ከማርታ ጋር ነኝ፤ እኔ ፍራፍሬ እይዛለሁ፣ እሷ ትጸልያለች። ወርቅነሽ ዘ ሄግ ሆስፒታል ገብታ ተራው እኛ ላይ ወደቀ። የዚያን ቀን የማርታ ልጅ አተኮሰውና ብቻዬን ሄድኩ።

ስደርስ ለልብ ቀዶ ጥገና ሊወስዷት ነው። ፊቷ አመድ መስሏል። እጄን ያዘችኝ።

«እስቲ ጸልዪልኝ።»

«ለፓስተሩ ልደውልልሽ።»

«አይደርስም። ያለሽው አንቺ ነሽ።»

«በጸሎቴ ስቀሽብኛል እኮ ወርቅነሽ! የቤት ርክክብ ብለሽኛል።»

የማታስታውሰው መስሎኝ ነበር።

«ብያለሁ» አለች። «አፌ ነው። አሁን ፈርቻለሁ። እንደዚያው አድርገሽ ጸልዪልኝ፤ ምንም ሳታስቀሪ።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ስለ ሐኪሙ እጅ፣ ስለ ማደንዘዣው፣ ስለ ደም ሥሯ፣ ስለምትነቃበት ሰዓት አንድ በአንድ ለመንኩ። አልጋውን ሊገፋ የመጣው ነርስ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። ወርቅነሽ በየመሃሉ «አሜን» ትላለች፣ እንባዋ ጆሮዋ ውስጥ እየገባ።

ድናለች። ምላሷም አብሯት ድኗል። ጨርሼ ይቅር ብያታለሁ ብዬ አልዋሽም፤ ግን በውስጤ እሷን ስትፈራ የኖረችው ሴትዮ ለቀቀችኝ።

በቀደም እዚያው ዘ ሄግ፣ ትራንስቫል የሚባል ሰፈር አንድ ቤት ተጋብዘን «እስቲ እርስዎ» አሉኝ። ተነሥቼ ጸለይኩ። ወርቅነሽ ከኋላዬ፣ «ኧረ ምግቡ በረደ!» ስትል ሰማኋት።

ሰምቼም ቀጠልኩ።