አዮ ቀመሪያና የበረዶው ወተት

ትዝታውን የቀሰቀሰብኝ ያረረ ወተት ሽታ ነው። ጎባ ውስጥ አንድ አዲስ ሆቴል በረንዳ ላይ ከልጄ ከሜሮን ጋር ተቀምጠን ሳለ፣ ከወጥ ቤቱ በኩል ማንም ያላማሰለው፣ ድስቱ ሥር የያዘ ወተት ሽታ መጣ። አስተናጋጁ ደንግጦ ወደ ውስጥ ሮጠ። እኔ ግን በተቀመጥኩበት ሐሳቤ ጥሎኝ ሄደ። ገበያው ዳር የነበረች ጠባብ ምግብ ቤት፣ ወተት ሲያርባቸው ደረታቸውን እየመቱ "ያ አላህ፣ የላሚቱ ልፋት!" የሚሉ ሴት ፊቴ ላይ ድቅን አሉ።

ከዚያ ሽታ በፊት ግማሹን ቀን በንዴት ነበር ያሳለፍኩት። ሜሮን ዓመቱን በጥሩ ውጤት ስለጨረሰች ምን ልጋብዝሽ ብላት፣ "አይስክሬም፤ ግን አሸዋ አሸዋ የሚለውን አይደለም፣ እዚሁ የተሠራ" አለችኝ። አሸዋ አሸዋ የሚለው ከአዲስ አበባ ተጭኖ፣ መንገድ ላይ ቀልጦ፣ ሮቤ ሲደርስ እንደገና የረጋው ነው። የምኖረው ባሌ ውስጥ፣ ሮቤ ነው። ከተማዋ በየዓመቱ ፎቅ ትጨምራለች፣ ካፌ በካፌ ላይ ይከፈትባታል። አንድ ኩባያ አይስክሬም እንዴት ይጠፋል ብዬ ልጄን ይዤ በባጃጅ ወጣሁ።

የመጀመሪያው ካፌ በላስቲክ የተለበጠ፣ ባለ ፎቶ ሜኑ ሰጠን። አይስክሬሙ በየቀለሙ ተደርድሮበታል። "አለ?" አልኩት አስተናጋጁን። "አለ" ብሎን ሄደ። ጠበቅን፣ ጠበቅን፤ ተመልሶ መጣና "ማሽኑ ተበላሽቷል" አለን። የሚቀጥለው ካፌ ያለችው ልጅ ገና ሳንቀመጥ "አልቋል" አለችን። "መቼ ነበር የነበረው?" ብዬ ጠየቅኳት፤ ለማወቅ ነው እንጂ ለመጣላት አልነበረም። አሰብ አድርጋ፣ "እኔ ሥራ ከገባሁ አላየሁም" አለች። ሌላ ቦታ በእርግጥም ተገኘ፤ ፍሪዘሩ ሥር፣ ከዶሮ ሥጋ ጋር ተጣብቆ የከረመ። ሜሮን አንዴ ልሳ ማንኪያውን አስቀመጠች።

"እማ፣ ዶሮ ዶሮ ይላል።"

ምሳውም ከዚያ አልተሻለም። ሜኑው ላይ ዓሣ አለ፣ ላዛኛ አለ፣ የገብስ ሾርባም አለ። ዓሣውን ስንጠይቅ የለም፣ ላዛኛውን ስንጠይቅ የለም። የገብስ ሾርባው መጣና ቀመስኩት፤ ከፓኬት የተበጠበጠ ነው። ገብስ በሚታፈስበት አገር፣ ወተት ከዲንሾ በጀሪካን በየጠዋቱ በሚወርድበት፣ የሪራ ማር በየሱቁ ደጃፍ በሚደረደርበት ከተማ ተቀምጬ የፓኬት ሾርባ መጠጣቴ አንገበገበኝ። ምን ጎደለን? ሁሉም ነገር አለን፣ የሚሠራው ግን የለም። ሜሮን ፊቴን አይታ "ጎባ እንሞክር" አለችኝ። በሚኒባስ ጎባ ሄድን። እዚያም ወተቱን አሳረሩት።

እኔ ያደግኩት ጎባ ነው። አባቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ቤታችን ከገበያው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር። ቀመሪያ የሚባሉትን ሴት የሰፈሩ ሰው ሁሉ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ "አዮ" ነበር የሚላቸው፤ በኦሮምኛ እናት ማለት ነው። የጎሮ ተወላጅ ናቸው። ባላቸው የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ ይባላል፤ እኔ አላውቃቸውም፣ ሳልወለድ ሞተዋል። ለሚስታቸው ትተውላቸው የሄዱት አንዲት ትንሽ ልጅ፣ ሐሊማን፣ እና አንድ እንግዳ ዕቃ ነው። ዕቃውን ድሬዳዋ ውስጥ ከሚዘጋ ሻይ ቤት ገዝተው፣ ጭነት ላይ አሥረው ያን ሁሉ መንገድ ያመጡት ነው። የእንጨት በርሜል ነው፤ መሐሉ ላይ የቆርቆሮ ጣሳ ይቆምበታል፤ ከላይ ደግሞ የሚዞር እጀታ አለው። በበርሜሉና በጣሳው መካከል በረዶና ጥሬ ጨው ይጠቀጠቃል። ጣሳው ውስጥ ወተት ይገባል። ከዚያ ክንድ እስኪዝል ማዞር ነው።

ድሬዳዋ ውስጥ በረዶ በገንዘብ ይገዛል። ጎባ ግን በዚያ ዘመን ማን በረዶ ይሸጣል? አዮ ቀመሪያ ሰማዩን ይጠብቁ ነበር።

ምግብ ቤታቸው ሰማያዊ ላስቲክ የለበሱ ጥቂት ጠረጴዛዎችና ባትሪዋ በጎማ የታሠረች ሬዲዮ ነበሩት። ሜኑ አልነበራቸውም። ምን አለ ሲባሉ "ያለው አለ" ይሉና ሳህን ይዘው ይመጣሉ። ከማድቤታቸው የተቆላ ገብስ ሽታ አይጠፋም ነበር። ጭኮአቸው፣ የተቆላውን የገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ አሽተው የሚያበጁት፣ ከጎሮ ድረስ ሰው ያስመጣ ነበር። እኛ ክርስቲያኖቹ እሳቸው ቤት የታረደ ሥጋ አንበላም፤ እሳቸውም አያቀርቡልንም። ወተትና ገብስ ግን የማንም ሃይማኖት አይደለም። ጾም ሲሆን ብቻ እኛ ልጆች በደጃቸው ስናልፍ ፊታችንን ወደ ሌላ እናዞር ነበር፤ እንዳያምረን።

ከሳነቴ ተራራ በኩል ሰማዩ ሲጠቁር፣ የቤቱ ቆርቆሮ መንኳኳት ሲጀምር፣ የጎባ ልጅ ሁሉ ኩባያ ፍለጋ ይራወጣል። አዮ ቀመሪያ ሳፋ እንደ ባርኔጣ ጭንቅላታቸው ላይ ደፍተው፣ በላስቲክ ጫማ፣ ግቢያቸው ውስጥ በረዶውን በአካፋ ያፍሳሉ። ሳፋውን የሚመታው በረዶ የሚያሰማው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ወተቱ ኮረሪማ ገብቶበት ቀድሞ ፈልቶ ቀዝቅዟል። የሪራ ማር ይጨምሩበታል፤ የጫካ ማር ስለሆነ ጢስ ጢስ ይላል። ከዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ በርሜሉን በጉልበታቸው አጥብቀው ይዘው፣ ማዞር ነው። እኛ በሩን ሞልተን ስንንጫጫ፣ "ኢጆሌ! ኦብሳ! ልጆች፣ ታገሡ እንጂ!" ይላሉ። ሲረጋ በየኩባያችን ጨልፈው፣ ላዩ ላይ ቆንጠር አድርገው ጭኮ ይበትኑበታል። መጀመሪያ ጥርስ ያማል። ከዚያ ማሩ ይመጣል፣ ከዚያ ኮረሪማው፤ መጨረሻ ላይ የተቆላው ገብስ ቅቤውን ይዞ ምላስ ላይ ይቀራል። አይስክሬም የሚለውን ቃል እንኳ አናውቅም ነበር። "የበረዶ ወተት" ነበር የምንለው።

በረዶ ግን ለልጅና ለገበሬ አንድ አይደለም። አባቴ ከደመወዙ በተጨማሪ ከከተማው ወጣ ብሎ ኦቦ ሁሴን ከሚባሉ ገበሬ ጋር ገብስ በእኩል ያሳርስ ነበር። ዘሩን አባቴ ያቀርባል፣ ጉልበቱ የኦቦ ሁሴን ነው፤ ምርቱን ይካፈላሉ። አንድ ዓመት ገብሱ ከመቼውም በላይ አማረ። አባቴ ከሥራ ሲወጣ በእግሩ ሄዶ አይቶት ይመጣና እራት ላይ ስለ ዛላው ብቻ ያወራል። ሊታጨድ ደርሶ፣ አጫጆች ተነግሯቸው ሳለ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። እንደዚያን ቀን ያለ በረዶ አላየሁም። ጎዳናው ነጭ ሆነ።

እኛ ሮጥን። አዮ ቀመሪያ ዘንድ ስደርስ በሩ በልጅ ተሞልቷል፣ እሳቸው እያዞሩ ነው። እኔም ደርሶኝ፣ ኩባያዬን ይዤ ስስቅ፣ አባቴ በጎዳናው መጣ። ኦቦ ሁሴን አብረውት ነበሩ። ሁለቱም እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። አባቴ እጁ ውስጥ የገብስ ዛላ ጨብጧል፤ ፍሬ የለበትም። ሳቃችንን ሰምቶ ቆመ። ወደ በሩ ገብቶ አዮን ትክ ብሎ አያቸው። ሁልጊዜ እርስዎ ነበር የሚላቸው።

"አንቺ!" አለ። "ሰው እያለቀሰ አንቺ በረዶ ትሸጫለሽ? ለዚህ ነው ሰማይ ሰማይ ስታዪ የምትውዪው?"

አዮ ቀመሪያ እጀታውን ለቀቁ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

"አቶ ተስፋዬ፣ ወላሂ እኔ አልጠራሁትም" አሉ። "ወርዶ ሳገኘው ነው ያነሣሁት።"

አባቴ በርሜሉን በእግሩ መታው። ነጩ ወተት በረንዳው ላይ ተደፍቶ ወደ ጭቃው ፈሰሰ። ጎንበስ ብለው በርሜሉን ያነሡት ከአባቴ የበለጠ የጠፋባቸው ኦቦ ሁሴን ናቸው። "በቃ ተስፋዬ" አሉ፤ "ያመጣው ረቢ ነው፣ ፈጣሪ ነው።" አባቴ እጄን ይዞ ወደ ቤት ጎተተኝ። እያለቀስኩ ነበር። ለገብሱ ነው እንዳልል፣ ልጅ ነኝና ለገብሱ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ያየሁት ነገር ነው እስከዛሬ የሚገርመኝ። በዚያ ክረምት ኦቦ ሁሴንና ቤተሰባቸው የሚበሉትን ከአዮ ቀመሪያ ምግብ ቤት ነበር የሚወስዱት። እኛም ቤት አባቴ ሥራ በሄደበት ሰዓት ሐሊማ ጭኮ በሳህን ሸፍና ታመጣለች። እናቴ ዝም ብላ ትቀበላለች። ሳህን ባዶውን አይመለስም ብላ ድንች ወይም የጓሮ ጎመን ታደርግበታለች። ሳህኑ ያን ክረምት ሙሉ በሁለቱ ሴቶች መካከል ተመላለሰ። አባቴ ጭኮውን ይበላ ነበር፤ ከየት መጣ ብሎ ግን ጠይቆ አያውቅም። ይወቅ አይወቅ እናቴም አልነገረችኝ።

የበረዶ ወተት ግን በዚያው ቀረ። በዓመቱ እንደገና ሲዘንብ ኩባያችንን ይዘን ሄድን። አዮ ቀመሪያ በራቸው ላይ ቆመዋል፤ በረዶው ግቢያቸው ውስጥ ተከምሯል፣ አካፋው ግን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። "አዮ፣ አይሠሩም?" አልናቸው።

"እጄ እምቢ አለኝ" አሉ። "ልጅ እየሳቀ አባት እያለቀሰ አይሆንም። ሂዱ፣ ይበርዳችኋል፣ ግቡ።"

ለመንናቸው። አንድ ልጅ እንዲያውም አባቱ ገብስ እንደሌለው፣ ነጋዴ እንደሆነ ነገራቸው። ፈገግ አሉ እንጂ አልተንቀሳቀሱም። ቆመን በረዶው እስኪቀልጥ አየነው። ያን ቀን በአባቴ እንደተናደድኩ በማንም ተናድጄ አላውቅም።

ትምህርት ብዬ ከጎባ በወጣሁበት ዓመታት መንገዱ ሲሰፋ ምግብ ቤቱ ፈረሰ፤ አዮ ቀመሪያ ልጃቸውን ይዘው ጎሮ ገቡ ተባለ። ሄጄ ልጠይቃቸው እያልኩ ዓመቱ ነጎደ። አባቴ አሁን ከእኔ ጋር ሮቤ ነው የሚኖረው፤ ጆሮው ከብዷል። ወተቱ ካረረበት ከጎባው ሆቴል ባዶ እጃችንን ስንመለስ ጠየቅኩት።

"አባዬ፣ አዮ ቀመሪያን ታስታውሳቸዋለህ?"

"እኔ የማስታውሰው ገብሱን ነው" አለና ጋቢውን ሳብ አድርጎ ፊቱን አዞረ። እኔም ልጨቀጭቀው አልቻልኩም።

በሚቀጥለው የጎሮ ገበያ ቀን ሜሮንን ይዤ ሄድኩ። አንዲት ቅመም ነጋዴ ነች የነገረችኝ፤ አዮ ቀመሪያ ከሞቱ ቆይተዋል፣ ሐሊማ ግን ከብት ተራው ጀርባ ምግብ ቤት አላት። ሐሊማ አወቀችኝ። አቅፋ ሳመችኝ፣ እናቴን ጠየቀችኝ፣ አባቴንም ጠየቀችኝ፤ አባቴ በርሜሉን የመታበት ቀን ጨርሶ እንዳልነበረ አድርጋ። ስለ በረዶው ወተት ሳነሣባት እጇን አወናጨፈች።

"በርሜሉ በሰበሰ፤ እንጨቱን ለማገዶ ፈለጥነው። ጣሳውም ዝጎ ተጣለ።"

"አሠራሩስ? ማሩ ስንት ነው የሚገባው? ኮረሪማው?"

"እህቴ፣ እኔ ምን አውቃለሁ? ልጅ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልሠራችውም፣ እኔም አልጠየቅኳትም።"

ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ያ ሁሉ ልጅ ኩባያ ይዞ ቆሞ ሲበላ አንዱም እንዴት ነው የሚሠራው ብሎ አልጠየቀም። አሁን የባሌን ምድር ሁሉ ብንዞር የሚያውቀው የለም። ሜሮን ደግሞ ፊቴን እያየች ነው፤ ያመጣኋት ለዚህ ነበርና።

ሐሊማ ምን ትበላላችሁ አላለችንም። ውስጥ ገብታ ቆየችና የገብስ ሾርባ አቀረበችልን። "ሥጋ የለበትም፣ በሌላ ድስት ነው" አለችኝ ቀስ ብላ። ገብሱ በእጅ የተከካ ነው፤ ከላዩ ቅቤው ይንሳፈፋል። ሜሮን ያለወትሮዋ አንዴም ቀና አላለችም። ሐሊማ ገበያተኛው በሩ ላይ እየጠበቃት ከፊታችን በርጩማ ስባ ተቀመጠች፣ ስንበላ አየችን፣ አየችንና፣

"ጨው አልበዛባችሁም?" አለች።

ሮቤና ጎባ ያን ሁሉ ስንዞር እንዲህ ብሎ የጠየቀን ሰው አልነበረም። እውነቱን ነገርኳት። "ትንሽ በዝቷል።"

ሳቋን ለቀቀችው። "አዮም ታበዛ ነበር። እጄ እሷን ወጣ" አለች። ሳህኖቻችንን አነሣችና ጨው ያልገባበት ሾርባ ልትጨምርበት ወደ ማድቤት ገባች። ሜሮን ማንኪያዋን እንደያዘች ጠበቀቻት።