እሳት የተማረችው ማኅሌት

እውነቱን ልናገርና ይውጣልኝ፤ በማኅሌት ስቀና ይኸው ስምንት ዓመቴ ነው። ቅናት ነው ብዬ ግን ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። «ልጅቷ ትንሽ ኮርታለች» ነበር የምለው። ምን ኮርታ! ሰላምታዋ እንኳ ከወገቧ ጎንበስ ብላ ነው።

እኔ አስማማው እባላለሁ፤ ባሕር ዳር የእሳት አደጋ መኪና እነዳለሁ። ማኅሌት እዚያው ጣቢያችን ስልክ ተቀባይ ነበረች። አባቷ መሪጌታ ፍሬ ስብሐት ከሐይቁ ዳር ካሉት አድባራት በአንዱ ቅኔ ያስተምራሉ። አንድ ቀን ውጭ አገር ሄዶ የእሳት ሳይንስ የሚማር ሰው ይፈለጋል የሚል ቅጽ መጣ። ልብ በሉ፣ መጀመሪያ የተሰጠው ለኔ ነው! እኔ ሳቅሁ። «እሳት ደግሞ ምን ሳይንስ አለው? ውኃ መድፋት ነው እንጂ!» ብዬ ቅጹን መኪናው ውስጥ ወረወርሁት።

ማኅሌት አየችውና «ጋሽ አስማማው፣ እርስዎ ካልፈለጉት ልሙላው?» አለችኝ።

«ሙይው፤ ይቅናሽ» አልኋት። በገዛ አፌ!

አራት ዓመት ተምራ መጣች። ነበልባሉ ሳይደርስ ጭሱ ሰው እንዴት እንደሚገድል፣ እሳቱ የት እንደ ተወለደ ከዐመዱ እንዴት እንደሚነበብ፣ ሕንፃው ገና ወረቀት ላይ ሳለ ስንት መውጫ በር እንደሚያስፈልገው፤ ይህን ሁሉ ተምራለች። ፋብሪካ ለደኅንነት ኃላፊነት ጠራት። አየር ማረፊያ ጠራት። ኢንሹራንስ «የቃጠሎ መንስኤ መርምሪልን» ብሎ ለመናት። እሷ ግን ወደኛው ጣቢያ ተመልሳ የአደጋ መከላከልና የምርመራ ባለሙያ ሆነች። እኔን ከጣቢያው ደወል በቀር የጠራኝ የለም።

መራዊ አንድ ወፍጮ ቤት የተቃጠለ ጊዜ መኪናዬን እንደ እብድ አብርሬ፣ ጢሜ እስኪለበለብ ታግዬ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እሷ በማግስቱ ሄዳ ዐመዱን ስትቆፍር ዋለች። «መብራት አይደለም፤ የወፍጮው ማሽን ግሎ ነው» አለች። ሰው የከበበው ማንን ይመስላችኋል? ባለቤቴ ምሥጋና ሳትቀር «ማኅሌትን በቴሌቪዥን አየሃት?» አለችኝ። «አላየኋትም» አልሁ። አይቻታለሁ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ።

ባለፈው ዓመት በሐይቁ ያሉትን ገዳማት ከእሳት የመጠበቅ ሥራ ተጀመረ። መኪናዬ ሐይቅ ላይ አትሄድም፤ ደሴት ላይ እሳት ከተነሣ ጀልባ እስኪደርስ ሁሉም ያልቃል። ስለዚህ ቀድሞ መከላከል ነው የሚያዋጣ አለች ማኅሌት። እሷ ግን ሴት ናት፤ መጀመሪያ የሄድንበት የደሴት ገዳም ደግሞ ሴት አያስገባም። ስለዚህ ጥያቄዎቿን በወረቀት ጽፋ ገብቼ እንድጠይቅላት ሰጠችኝ፤ እሷ ጀልባው ላይ ቀረች። የእሷ መልእክተኛ ሆንሁ ማለት ነው፣ በዚህ ዕድሜዬ!

ስወርድ በጀልባ ነጂው ፊት ጮክ ብላ፣ «ጋሽ አስማማው፣ ዘጠነኛዋን አደራ!» አለች።

ገብቼ ስምንቱን ጠየቅሁ። ዘጠነኛዋ «ከዕጣን ማጠኛው፣ ከጽናው የሚወጣው ዐመድ ከመደፋቱ በፊት የት ይቆያል?» ትላለች። ደሜ ፈላ። ዐመድ! ልጅቷን አራት ዓመት ሙሉ ዐመድ ነው እንዴ ያስተማሯት? የዕቃ ቤቱ ጠባቂ አባ መርስዔ ኀዘን ከፊቴ ቆመው «ሌላስ ልጄ?» እያሉኝ፣ እኔ ራሴ «ደኅና ነው» ብዬ ጻፍሁና ወጣሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ዕቃ ቤቱ ተቃጠለ።

ደርሰን ስንወርድ መነኮሳቱ በእንስራ እየቀዱ አጥፍተውታል። ከበሮው፣ ጥላው፣ መጋረጃው ዐመድ ሆኗል። መጻሕፍቱን አባ መርስዔ ኀዘን አንድ በአንድ አውጥተዋቸዋል፤ ሁለቱም እጃቸው ተቃጥሎ በነጠላ ተጠቅልሏል። እኔ ፎቶ አንሥቼ ጀልባው ላይ ላለችው ለማኅሌት አሳየኋት። አንዱን ፎቶ አጉልታ ብዙ አየችው።

«እሳቱ ከዚህ ጥግ፣ ከወለሉ ነው የተነሣ» አለች። «እዚህ ምን ነበር?»

«የእንጨት ሣጥን ነው አሉ። የጽናውን ዐመድ የሚያጠራቅሙበት።»

አንገቷን ነቀነቀች። የመሪጌታ ልጅ ናትና ታውቀዋለች፤ ያ ዐመድ እግር እንዳይረግጠው በክብር ተጠራቅሞ ነው የሚደፋ። በዐመዱ ውስጥ የተዳፈነ ፍም ደግሞ ውሎ አድሮም እሳት ነው።

«ዘጠነኛዋን ጠይቀዋቸው ነበር?»

«ጠይቄ ነበር» አልሁ። ምላሴ ቀደመኝ። «ደኅና ነው አሉኝ።»

ማኅሌት አባን እንዲጠሩላት ለመነች። ወደ ወደቡ ወረዱ፣ እጃቸውን ወደ ላይ እንደያዙ።

«አባ፣ ይፍቱኝ። ጋሽ አስማማው ስለ ዐመዱ ጠይቀዎት ነበር?»

አባ አዩኝ። ብዙ አሰቡ። 

«ጠየቅሁ ካለ ጠይቆኛል። እኔ ነኝ የረሳሁ። አርጅቻለሁ፣ ልጄ፤ ልቡናዬ ከድቶኛል ማለት ነው። ቁልፉን ዛሬውኑ አስረክባለሁ። ከእንግዲህ ንዋየ ቅድሳት ለኔ አይታመንም።»

ኧረ ምድር ምነው በዋጠችኝ! እኒያ ሰው ያን ቁልፍ አርባ ዓመት ይዘውታል።

«አልጠየቅኋቸውም!» ብዬ ጮኽሁ። «አባ፣ አልጠየቅሁዎትም። ሳልጠይቅ ነው የጻፍሁት።»

ማኅሌት ቀና ብላ አየችኝ። «ለምን፣ ጋሽ አስማማው?»

«ስለምቀናብሽ ነዋ!» አልሁ፤ ጀልባ ነጂው እየሰማ፣ መነኮሳቱ እየሰሙ። «ጥያቄው ያንቺ ስለሆነ ነው።»

አንድም ክፉ ቃል አልወጣትም። የምርመራውን ወረቀትና እስክሪብቶውን ሰጠችኝና «እርስዎ ይጻፉት» አለች። ጻፍሁት። ስሜንም ከሥሩ አኖርሁ። ከሥራ ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ ብዬ ቀና ስል አባ ያለቅሳሉ።

«ተመስገን!» ይላሉ። «ተመስገን አምላኬ፣ አልረሳሁም! ልቡናዬ የጠፋ መስሎኝ ነበር። እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ፣ እውነቱን ስለነገርኸኝ። ዕድሜህን ያርዝመው።»

ያን የተጠቀለለ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው መረቁኝ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ለኔ የተሰጠኝ ነገር ምነው ለእሷ በሆነ አልሁ።