ኑዛዜና የአባት ስም

ሰበታ ውስጥ እኔን የማያውቅ ውሻ እንኳ የለም። ጠዋት ገበያ ልሂድ ብዬ ከወጣሁ፣ ሰላምታውና ሳቁ አልቆልኝ የምመለሰው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። በአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ተቃውሞ ሰሞን ለኑዛዜዬ አራት ምስክር ስፈልግ ግን ሰው ጠፋ።

ባለቤቴ ከሞተች በኋላ ፉሪ ዳገት ላይ ያለው ቤት ውስጥ ብቻዬን ቀርቻለሁ። ቤቱን የሠራሁት እሷን ሳላገባ ነው። ይዛት የመጣችው ትንሽ ልጅ እጄ ላይ አድጋ ሱሉልታ አስተማሪ ሆናለች። ሱሉልታ አዲስ አበባን ተሻግሮ ማዶ ነው፤ በዚያ ሰሞን ግን ከጨረቃ ይርቅ ነበር። የጅማ መንገድ ላይ ጎማ ይቃጠላል፣ ታክሲ የለም፣ ስልኩም ሲፈልግ ይሠራል፣ ሲፈልግ ይተኛል። አንድ ከሰዓት ተኩስ ሰምቼ አልጋ ሥር ገባሁ። ሆዴ አላስገባ ብሎኝ ግማሼ ውጭ ቀረ።

እዚያ ሆኜ ነው ያሰብኩት፤ አሁን ብሞት ቤቱ የማን ነው? ልጅቷን አልወለድኳትም። ያለ ኑዛዜ ከሄድኩ ወራሼ ተጂ ከተማ ያለው ወንድሜ ነው። ባለቤቴ የተቀበረች ዕለት መጥቶ አጥሬን ሲለካ የዋለ ሰው!

ሲረጋጋ ወጣሁ። የሰፈሩ ባለሱቅ ዘግቶ ወደ ቤተሰቦቹ ሄዷል። ፋብሪካ የሚሠሩት የጓሮ ተከራዮቼ ደቡብ፣ አገራቸው ገብተዋል። ግሮሰሪ ያገኘሁት ወዳጄ ኑዛዜ ስለው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

"አንተ! ባለፈው ኮቴን አውርሼሃለሁ ብለህ ቢራ ጠጥተህብኝ የለ?"

"የአሁኑ የምሬን ነው።"

"ያኔም የምሬን ነው ብለሃል።"

ምን ይፈረድበታል? ያንን ኮት ለግማሽ ሰበታ አውርሼዋለሁ።

የቀሩኝ አጥር የምንጋራቸው ሽማግሌ ናቸው። ድሮ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ "ኦቦ" ብቻ እያልኩ ነው የምጠራቸው።

"ኦቦ፣ አካም ኦልተኒ፣ እንዴት ዋሉ? ምስክር ይሁኑኝ፤ ሦስት ብቻ ነው የሚጎድለኝ።"

"ሦስቱን ከየት ልታመጣ፣ ከመቃብር? ሰው ካጣህ ከላይ እስከ ታች በገዛ እጅህ ጻፈው፤ ያኔ ምስክር አያሻውም። ኑዛዜ መሆኑን ግለጽ፣ ቀኑን አስገባ፣ ፈርም። ኮምፒውተር ቤት ወስደህ እንዳታስተይበው ብቻ።"

ለካ ሕጉ ሰው ያጣ ሰውንም አስቦታል። ጻፍኩ። ለወንድሜ አጥሩን ከውጭ የማየት መብት፣ ለግሮሰሪው ወዳጄ ያንኑ ኮት፣ ቤቱን በሙሉ "ለልጄ"። ኦቦ አንብበው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ወንድምህ ይሄን ይዞ 'ሟቹ አእምሮው ልክ አልነበረም' ቢልስ? ቀልዱን አውጣ። ደግሞ 'ልጄ' ብሎ ነገር ምንድን ነው? ሙሉ ስሟን ጻፍ፣ ከነአባቷ።"

"አባቷማ እኔ ነኝ።"

"መታወቂያዋ ላይ?"

ወረቀቱን ተቀበልኳቸው።

ቤቴ ገብቼ እንደ አዲስ ጀመርኩ። ስሟን ጻፍኩ። ቀጥዬ የአባቷን ስም። ሰውየውን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ኩፍኝ ሲይዛት ያደረችው እኔ ጀርባ ላይ ነው፤ ትምህርት ቤት ያስመዘገብኳትም እኔ ነኝ። አሁን በእኔ እጅ ጽሕፈት፣ በእኔ ቤት ላይ፣ የእሱ ስም ተጻፈ። አንድ ነገር ብዬ ልስቅ ፈለግሁ። ግን ለማን ልበለው? ፈረምኩና ብዕሩን አስቀመጥኩ።

መንገዱ ሲከፈት መጣች። ወረቀቱን ቆማ አነበበችው፤ ደገመችው።

"ጋሼ፣ ታመሃል እንዴ?"

"ደህና ነኝ።"

"ታዲያ ቀልዱ የታለ?"

የመጀመሪያውን አውጥቼ ሰጠኋት። አጥሩ ጋ ሳቀች፣ ኮቱ ጋ ሳቀች፣ መጨረሻው መስመር "ለልጄ" ጋ ስትደርስ ጣቷን አሳረፈችበት። የተፈረመውን ሳጥን ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን ሰጠኋት። ሌላኛውን ራሷ አጣጥፋ ቦርሳዋ ከተተችው።

"እሱ እኮ ፍርድ ቤት አይሠራም" አልኳት።

"አውቃለሁ፣ ጋሼ።"

መንገዱ ሳይዘጋባት መድረስ ስላለባት አላደረችም። መንገድ የተዘጋበት ድንጋይ ከዳሩ ገና ያልተነሳለት አስፋልት ድረስ ሸኘኋት። ስመለስ ከአንድ ውሻ በቀር ሰላም የሚለኝ አላገኘሁም።