ባሕር ውስጥ «አዎ» ያልኩ ዕለት

ባሕር ውስጥ ከገባሁ አምስት ደቂቃ አልሞላኝም... አንድ ጎረምሳ ላይፍ ጃኬቴን ከማጅራቴ ጨምድዶ ወደ ጀልባው ይጎትተኝ ጀመር።

«አይዞዎት ጌታው! ይዤዎታለሁ!» ይለኛል በእንግሊዝኛ።

እኔ ግን ምንም አልሆንኩም ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው። ደሴ ሠላሳ ዓመት ሳይንስ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ሆፕኪንስ በምትባል ከተማ ከልጄ ከሐያት ጋር እኖር ነበር። ሐያት የምትሠራው አየር መንገድ ውስጥ ነው። አንድ ቀን መስኮታችን በበረዶ ተሸፍኖ ሳለ «አባዬ፣ ሃዋይ እንሂድ» አለችኝ። ልቃወም አፌን ስከፍት ካመጣችው ወረቀት ላይ «የኮራል ሪፍ ጉብኝት በመዋኛ መነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ፣ ከአስጎብኚ ጋር፣ ሙሉ ቀን» የሚል አነበብኩ። አፌን መልሼ ዘጋሁት።

ሦስት ሳምንት ሙሉ በየጠዋቱ የመታጠቢያ ገንዳችንን ውሃ ሞልቼ፣ ፊቴን ነክሬ፣ በቱቦ መተንፈስ ተለማመድኩ። ሐያት በሩን ትደበድባለች። «አባዬ! ሥራ ረፈደብኝ! ፕሊስ!» መነጽሩ ሪዝ ያለው ሰው ላይ ውሃ ያስገባል ሲባል ሰምቼም አርባ ዓመት የኖረ ሪዜን ተላጨሁ።

ወደ ኤርፖርት የወሰደን ጀማል ነው። ደሴ ተማሪዬ ነበር፣ ሚኒያፖሊስ ታክሲ ይነዳል። ገና ሲያየኝ ደነገጠ።

«ቲቸር! ሪዝዎ የት ሄደ?»

«ለሳይንስ ሠዋሁት» አልኩት።

ወዴት እንደምንሄድ ስነግረው ሳቀ። ለካ አልረሳውም። ስድስተኛ ክፍል ሳለ ኮራል ድንጋይ ሳይሆን እንስሳ መሆኑን በነጭ ጠመኔ ስዬ ሳስረዳ፣ ይኸው ጀማል እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ እርስዎ አይተውታል?» ብሎኝ ነበር። «አላየሁም» አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላም ያንን ትምህርት ባስተማርኩ ቁጥር ጥያቄው ይከነክነኝ ነበር።

«እንግዲህ የቤት ሥራዎን ሠርተው ይምጡ» አለኝ ሻንጣውን እያወረደ።

ወደ ባሕሩ ልመለስ። ያ የጎተተኝ ጎረምሳ አስጎብኚያችን ነው፣ ካይ የሚባል ደግ ልጅ። ጀልባው ላይ ምልክቶቹን አስተማረን። ደህና ከሆናችሁ በጣታችሁ ክብ ሥሩ፣ ካልሆናችሁ እጃችሁን አውለብልቡ። ሁሉንም በማስታወሻዬ ጻፍኩ፣ ሁለቴም አነበብኩት።

ውሃው ውስጥ ግን ካይ አጠገቤ ብቅ ብሎ «ደህና ነዎት?» ሲለኝ እጄ ከመታዘዙ በፊት አፌ ቀድሞ መለሰ። እዚያው ይዞ ጎተተኝ።

ጀልባው ላይ አስቀምጦ ውሃ አጠጣኝ። ደህና መሆኔን ብነግረውም በጥርጣሬ ነው ያየኝ። ተመልሼ ገባሁ። እስካሁን ያየሁት አሸዋና የራሴን እግር ብቻ ነው፣ ኮራሉ ገና ወደፊት ነው። ጥቂት እንደሄድኩ ካይ መጣ። «አሁንስ ደህና ነዎት?» ... ደግሞ ጎተተኝ!

«ጌታው፣ ሁለት ጊዜ ሆነ። ትንፋሽ እያጠረዎት ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ከእንግዲህ እዚሁ ጀልባው ላይ ይቆያሉ።»

ያን ሁሉ መንገድ መጥቼ... ሪዜን ተላጭቼ... ኮራሉ ጋ ለመድረስ ሃምሳ ሜትር ሲቀረኝ! የጀማል ፊት መጣብኝ። መነጽሩን ፈተሽኩ፣ ቱቦውን ፈተሽኩ። ምንም ጉድለት የለም።

ይኼኔ ሐያት ከውሃው ብቅ አለች። ሳቋ አላናግር ብሏታል።

«አባዬ... ‹አዎ› እያልከው እኮ ነው!»

ለካ እኛ ኢትዮጵያውያን «አዎ» ለማለት «ህእ!» ብለን ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ የምንስባት ነገር አለች። እኔም «ደህና ነዎት?» ባለኝ ቁጥር እሷኑ ነው የምለው። በዚያ ቱቦ ውስጥ ስትወጣ ግን እየሰመጠ ያለ ሰው ሲቃ ነው የምትመስለው።

ሐያት ስታስረዳው ካይ አላመነም። «እስኪ ጠይቀው» አለችው።

«ከሚኒሶታ ነው የመጡት?»

«ህእ!»

«እዚያ ብርድ ነው?»

«ህእ! ህእ!»

ጀልባው በሳቅ ተናወጠ። ካይ ራሱን ይዞ «እኔ ደግሞ በ‹አዎ› ምክንያት ሁለቴ አዳንኩዎት!» አለና እጄን ይዞ ራሱ ወደ ኮራሉ ወሰደኝ።

እንዲህ ነው አልልም፣ ጠመኔ አይችለውም። ቡናማው፣ ሰናፍጭ የመሰለው፣ ሐምራዊው... አንድ ሰማያዊ ዓሣ ኮራሉን በጥርሱ ሲቆረጥመው ድምፁ ይሰማኝ ነበር፣ ልክ ጎኔ ተቀምጦ ቆሎ እንደሚበላ ሰው። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር። መነጽሬ ውስጥ ውሃ ገባ፤ ከባሕሩ አልነበረም።

ካይ ብቅ ብሎ አየኝ። «ደህና ነዎት?»

«ህእ!» አልኩት።

እሱም በቱቦው «ህእ!» ብሎ መለሰልኝ።

ከሳምንት በኋላ ሚኒያፖሊስ ስንደርስ ጀማል በረዶ ውስጥ ቆሞ የታክሲውን መስታወት እየፋቀ ጠበቀን። ሰላምታም አላስቀደመ።

«እሺ ቲቸር... አዩት?»

ቃል ከአፌ ሳይወጣ ትንፋሼ ወደ ውስጥ ገባ። «ህእ!»

ሊያድነኝ የሮጠ ሰው አልነበረም።