ያልተቀበረው እንግዴ ልጅ

ከነጌሌ የወጣሁ ዕለት ጎህ ሲቀድ እናቴ ከሱቃችን ጓሮ፣ ከግራሩ ሥር አፈር ቆንጥራ በመሀረብ ቋጠረችልኝ። «እንግዴ ልጅሽን የቀበርኩት እዚህ ነው፤ የትም ብትሄጂ ይጠራሻል» አለችኝ። ጎረቤታችን አዴ ሎኮም ከአጥር ማዶ «ናጋን ጋሊ! በሰላም ግቢ!» እያሉ መረቁኝ። እኔ ግን ገና መኪናው ሳይነሳ ፈርቼ ነበር።

የቆላ ሰው ለኖርዌይ ብርድ አልተፈጠረም፣ የአገሬ ልጆች! በመጀመሪያው ክረምት እግሬን ከማሞቂያው ብረት አስደግፌ እንቅልፍ ወሰደኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስኳር አለብኝና እግሬ ደንዝዞ ኖሮ ሲቃጠል አልተሰማኝም። አከራዬ፣ ሽማግሌው፣ መጥተው መጀመሪያ ያዩት ማሞቂያውን ነው።

«ብረቱ ላይ የተጣበቀውን ማን ሊያጸዳው ነው?»

«የተጣበቀው እኮ የእኔ ቆዳ ነው፣ ጌታዬ!»

«እሱማ ገባኝ። ማን ያጸዳዋል?»

ቁስሉ ለወራት አልድን አለ። ሐኪሟ በአስተርጓሚ በኩል እግሬ ሊቆረጥ እንደሚችል ነገረችኝ። «መጀመሪያ ግን ይህን እንሞክር። አንዲት ወላድ ከለገሰችው እንግዴ ልጅ የተወሰደ ስስ ሽፋን ነው። ሕዋሶቹ በሕይወት አሉ፤ ያንቺን ሥጋ እንዲያገግም ይቀሰቅሱታል።»

«አልተቀበረም?»

«ለምን ይቀበራል? በረዶ ውስጥ ነበር።»

እንግዴ ልጁን ውሻ የነካበት ሕፃን አይበረክትም ሲባል ነው ያደግኩት፤ እኔ ደግሞ ልረግጠው ነው! ቢሆንም መጋዙን ፈርቼ ፈረምኩ።

ሽፋኑ በፋሻ ታስሮልኝ ለሳምንት እንዳትፈቺው ተብዬ በሦስተኛው ቀን ፈታሁት። የማላውቀው ሕፃን እንቅልፍ ነሳኝ። ሽፋኑን ከነፋሻው ከአከራዬ ጓሮ፣ ከፖም ዛፉ ሥር ቀበርኩት፤ ከነጌሌ አፈርም ቆንጥሬ ጣል አደረግኩበት።

«ምንድን ነው የምትቀብሪው?» አሉኝ አከራዬ በመስኮት።

«ከእግሬ ላይ ያነሳሁትን ነው።»

«እዚህ አገር ድመት እንኳ ያለ ፈቃድ አይቀበርም!»

ሐኪሟ ግን አልተቆጣችም፤ ይኸው ነው የባሰ ያስፈራኝ። «አንድ ጊዜ ብቻ እንደግመዋለን። ይኼም ካልያዘ እንቆርጣለን» አለች።

እያለቀስኩ ለእናቴ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት።

«ልጄ፣ ዋሽቼሻለሁ» አለች። «አንቺን የወለድኩሽ በግርግሩ ጊዜ ወደ ኬንያ ድንበር፣ ወደ ሜጋ ስንሸሽ፣ ጭነት መኪና ላይ ነው። ሾፌሩ አልቆመልንም። እንግዴ ልጅሽ መንገድ ላይ ቀረ። ውሻ ይብላው፣ ጅብ ይብላው አላውቅም። አንቺ ግን ይኸው አለሽ።»

«ግራሩስ?»

«ከሥሩ ምንም የለም። አገር ይኑርሽ ብዬ ነው።»

ሁለተኛው ሽፋን እግሬ ላይ ከተደረገ ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። እጄን አላምነውምና ጓንት አጥልቄ እተኛለሁ። እናቴ በየቀኑ ትደውላለች።

«ፈታሽው?»

«አልፈታሁትም፣ እማ። ግን ፈራሁ።»

«እኔም ፈርቻለሁ» አለችኝ ዛሬ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ግራሩን ውኃ አጠጥቼልሻለሁ» አለች።