ዘነበች አምቢቆ የቀረችበት ቀን

ተሻገር አምስተኛ ክፍል ሳለ መምህሩ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የአገሪቱን ተራሮች በቁመታቸው ቅደም ተከተል ጻፉ። ከሁሉም በላይ ራስ ዳሽን ነበር። ጉና ታች ወርዶ ተጽፏል። አርብ ገበያ ተወልዶ ላደገ ልጅ ከጉና የሚበልጥ ነገር የለም። ብርዱ የሚመጣው ከዚያ ነው፤ ዝናቡ ሲዘገይም አባቶች አንጋጠው የሚያዩት ወደዚያ ነው። ተሻገር እጁን አወጣ።

«ጋሼ፣ ይሄ ዳሽን የሚሉት ጉናን ይበልጠዋል?»

«ጉናን ጉያው ውስጥ ይከተዋል» አሉት መምህሩ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

ተሻገር አልሳቀም። ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገድ ላይ ቆሞ ጉናን አየው፤ ዘመዱን የሰደቡበት መሰለው። ያንን ተራራ አንድ ቀን በእግሬ ረግጬ አየዋለሁ አለ። ልጅ የሚመኘው ብዙ ነው፤ አብዛኛው ምኞት ከወተት ጥርስ ጋር አብሮ ይወልቃል። የእሱ ግን አልወለቀም።

ካደገ በኋላ ክትባት ሰጪ ሆኖ ተቀጠረ። ሥራው መርፌ መውጋት ይባል እንጂ ዋናው መራመድ ነበር። በበረዶ የተሞላውን የክትባት ሳጥን ትከሻው ላይ አንግቶ ታች ጋይንትንና ስማዳን ሠላሳ ሦስት ዓመት አካለለ። ወደ በሽሎ የሚወርደውን ቆላ ይወርዳል፣ ማዶ ይወጣል፣ ከዛፍ ሥር ቆሞ ሕፃናቱን ከትቦ ደግሞ ወደሚቀጥለው ቀበሌ ይሻገራል። «ስም ያወጡልህ አውቀው ነው» ይሉታል ሰዎች።

ሚስቱ ዘነበች የስማዳ ልጅ ናት። ስታገባው ጫማው ሁልጊዜ በር ላይ የሚቀመጥ ሰው ማግባቷን አላወቀችም። በሶውን አዘጋጅታ ትሸኘዋለች፤ አንዳንዴ በሳምንቱ፣ አንዳንዴ በሃያ ቀኑ ይመጣል። ከሦስቱ ልጆቻቸው ሁለቱን ስትወልድ እሱ ቆላ ነበር። ማሳውን ለእኩል አራሽ የምትሰጥ፣ እህሉን የምታስወቃ፣ ልጅ ሲታመም ተሸክማ ጤና ጣቢያ የምትሮጥ እሷ ናት። አታማርርም፤ ዝምታዋ ግን አንዳንዴ ይከብደዋል።

በ1986 ዓ.ም. የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ ተባለና ተሻገር ከሌሎች ጋር ወደ ሰሜን፣ ወደ ጃናሞራ ተላከ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከአንድ ጉብታ ላይ ሲደርሱ መንገድ የሚመራቸው ገበሬ በዱላው ወደ ምሥራቅ አመለከተ። ከተራሮቹ ጀርባ አለት የደፋ ሌላ ተራራ ቆሟል።

«ደጀን ያ ነው» አለ።

«ዳሽን ነው የምትለኝ?»

«እናንተ እንደፈለጋችሁ በሉት። እኛ ደጀን ነው የምንለው። ዛሬ እግሩ ሥር ብታድር ነገ ከላዩ ነህ።»

ተሻገር የክትባቱን ሳጥን ከፈተ። በረዶው ቀልጦ አልቆ ቀዝቃዛ ውኃ ብቻ ቀርቷል። ክትባቱ ሳይበላሽ ሊደርስላቸው የሚገባ ሁለት መንደሮች ቀርተው ነበር። ሳጥኑን ዘጋና ጀርባውን ለተራራው ሰጥቶ ወረደ። በዚያ ውሳኔ በሕይወቱ ተጸጽቶ አያውቅም። ደግሞም የሚጸጸትበት አልነበረም።

ቤቱ ሲመለስ ለዘነበች ነገራት። እግሩን እያጠበችው አዳመጠችና፦

«አገር ሁሉ ባሌን ከኔ ይበልጥ ያውቀዋል። አንድ ቀን እኔንም ይዘኸኝ ብትሄድ ምናለ?» አለች።

«ክትባት ልትሰጪ?»

«አይደለም። አንተ የምታየውን አብሬህ ላይ።»

«ደጀንን የምወጣው ካንቺ ጋር ነው» አላት። በቀላሉ ነበር ያለው። እሷ ግን አልረሳችውም።

ጡረታ የወጣው ስልሳ ዓመት ሲሞላው ነው። በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ጎንደር የምታስተምረው ልጃቸው ህይወት ቤት መጥታ ሁሉን ነገር በስልኳ አዘጋጀችላቸው። ደባርቅ ደውላ ተጓዥ የሚያጅብ የፓርክ ዘብ፣ ስካውት የሚሉትን፣ ያዘች፣ በቅሎ አስያዘች። በመጨረሻ ግን አባቷን ለብቻው ጠራችው።

«አባዬ፣ እማዬን ባታንገላታት? ጉልበቷ እኮ ታማሚ ነው።»

ዘነበች ከጓዳ ሰማች። «አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አለች። «ሃያ ስድስት ዓመት የጠበቅሁትን አንቺ ልታስቀሪብኝ!»

ደባርቅ ላይ የጠበቃቸው ስካውት ምንይችል ይባላል፤ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ጠመንጃውን እንደ ዱላ አንገቱ ላይ የሚያጋድም፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ዘነበችን ከመጀመሪያው ቀን ወደዳት። እሷም በመንገዱ ሁሉ ትጠይቀዋለች፤ ይህ ምን ይባላል? ያኛው አውሬ ምን ይበላል? ጨነቅ የሚባለው ቦታ ላይ ዋልያ ገደል ተደግፎ ቆሞ ስታይ እጇን በአፏ ጫነች። ከሰው ቁመት የሚበልጠው ጅብራ ተክል መሐል ቆማ ፎቶ ተነሣች። ተሻገር እንዲህ ስትስቅ ካያት ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር። ከልጅ ጋር የመጣ መሰለው፤ ደስ አለው። ትንሽም ፈራ፤ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ እሷ ገና አበባ ታያለች።

የቧሂት ተራራን በር አልፈው ከሥሩ ወዳለው ወንዝ ሲወርዱ ጉልበቷ አበጠ። ዳገቱን በበቅሎ መጥታለች፤ ቁልቁለቱ ግን ለበቅሎም ስለሚያሰጋ በእግር መውረድ ነበረባት። ጥርሷን ነክሳ ወረደች። ከደጀን ሥር ያለችው አምቢቆ መንደር ደርሰው አንድ ገበሬ ቤት ሲያርፉ ገና አሥር ሰዓት አልሆነም። የቤቱ እመቤት ውኃ አሙቃ ጉልበቷን ታሽላት ጀመር። ተሻገር ውጭ ወጣ። ምንይችል በቅሎዎቹን እያራገፈ ነበር።

«አባት፣ አንድ ነገር ላማክርዎ» አለው። «ነገ ይረፉ። እማማ ጉልበታቸው ይተኛላቸዋል። ከነገ ወዲያ ማለዳ ተነሥተን በበቅሎ እስከ አለቱ ሥር አደርሳቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያ የምትቀረው ትንሽ ናት። አንድ እጃቸውን እርስዎ፣ አንድ እጃቸውን እኔ ይዘን እናወጣቸዋለን። ከሳቸው የባሰ አሮጊት አውጥቼ አውቃለሁ።»

ተሻገር ወደ ምሥራቅ አየ። ከተራራው በላይ ደመና ተከምሯል። የዚያ ሰሞን ደመና በየቀኑ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ማታ ይበተን ነበር፤ ምንይችልም ይህንኑ ነገረው። ተሻገር ግን ያን ጊዜ የታየው ሌላ ነው፦ ሳጥኑ ውስጥ የቀለጠው በረዶ። እዚህ ደርሶ ዳግመኛ መመለስ። ነገ ቢዘንብስ? እኔንስ ቢያመኝ?

«እኔ ነገ ነው የምወጣው» አለ።

«እማማስ?»

«እሷ ትረፍ።»

ምንይችል ገመዱን ጠቀለለ። «እንደ ፈቃድዎ» አለ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ነገሩ የአንድ የቸኮለ ሰው ታሪክ ይሆን ነበር። ተሻገር ግን ወደ ውስጥ ገባ። ዘነበች እግሯን መደቡ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። ፊቱን አየች።

«ምን አለ ልጁ?»

«አይሆንም አለ» አላት። «በዚህ ጉልበት አይቻልም ብሏል።»

«ብሏል?»

«ብሏል።»

«እንግዲህ አገሩን የሚያውቀው እሱ ነው» አለች። «አንተ ውጣ። ስትመለስ አንድም ሳታስቀር ትነግረኛለህ።»

ጎህ ሳይቀድ ወጡ። መንገዱ ረጅም ነው እንጂ ክፉ አልነበረም። በቅሎ የምትሄድበት ነው። ከጓሳ ሣሩ በላይ ድንጋይ ብቻ ሆነ፤ ትንፋሹ ያጥረው፣ ጆሮው ውስጥ ልቡ ይመታ ጀመር። አለቱ ሥር ሲደርሱ ምንይችል ቀድሞ ወጥቶ እጁን ሰጠው። ጥቂት በእጅ መቧጠጥ፣ አንድ ጠባብ ስንጥቅ፣ ከዚያ በላይ የሚወጣበት ነገር አልነበረም።

ደስታው እውነተኛ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ኮፍያውን አውልቆ አማተበ፣ ድንጋዩን ተሳለመ። በምሥራቅ ምድሩ ወደ ተከዜ ቁልቁል ይወርዳል፤ በየአቅጣጫው ተራራ በተራራ ላይ ተደራርቧል። ጉናን ፈለገው፤ ደቡቡ ግን በጭጋግ ተሸፍኖ ነበር። «አየሽ?» ሊል ዘወር አለ። ምንይችል ጠመንጃውን ተደግፎ ቆሟል። በስልኩ ፎቶ አነሣውና «እንውረድ?» አለው። ሩብ ሰዓት ቢቆዩ ነው።

ሲመለሱ ዘነበችን ከመንደሩ በላይ፣ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኟት። በዱላ እየተደገፈች ያን ያህል ወጥታለች። «እስከዚህ መጣሁ» አለች እየሳቀች። «ከዚህም ይታያል እኮ!»

በማግሥቱ ሰማዩ ጥርት አለ፤ ቀኑን ሙሉ አንዲት የደመና ቁራጭ አልዞረበትም። ዘነበች በበቅሎ ሆና የቧሂትን ዳገት ስትወጣ ተሻገር ከኋላዋ ይሄድ ነበር። አምስት ሰዓት ሙሉ ኮርቻ ላይ ተቀምጣ አንድ ጊዜ እንኳ አላቃሰተችም። ትናንት የወጣው መንገድ ከዚህ አይከፋም ነበር። ይህን ሲያስብ ዓይኑን ከጀርባዋ ላይ አነሣ።

ደባርቅ ላይ ሲለያዩ ምንይችል እጇን ይዞ «እማማ፣ ለሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ቀን ጨምረው ቢመጡ…» ብሎ ጀመረ። ተሻገር «መኪናው ሊሄድብን ነው!» ብሎ አቋረጠው። ምንይችል አንድ ጊዜ አየውና እጇን ለቀቀ።

አርብ ገበያ ሲመለሱ ወሬው ደርሷል። በማኅበሩ ቀን፣ በሰርጉ፣ ገበያ ውሎ የሚገባ ዘመድ ሁሉ «እስኪ ንገሩን» ይላል። የምትነግረው ዘነበች ናት። እሱ አምቢቆ ቁጭ ብሎ የነገራትን አንዲት ነገር ሳትጥል ትተርካለች፦ ድንጋዩ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ፣ ስንጥቋ እንዴት እንደምታጣብቅ፣ ተከዜ እንዴት ቁልቁል እንደሚሄድ። ዓይኗ ያየው ይመስላል። «ስካውቱ አይሆንም ባይለኝማ እኔም ነበርኩ» ትላለች በመጨረሻ፤ ሰውም «እግዜር ያውቃል» ይላታል። ተሻገር አንገቱን ደፍቶ ጠላውን ይጠጣል።

ሌላ ጊዜ እወስዳታለሁ ብሎ አስቦ ነበር። ያኔ ኮሮና መጣ፤ ቀጥሎ ጦርነቱ ጋይንት ድረስ ዘለቀ፤ ከዚያ ወዲህ መንገዱ አንድ ሰሞን ሲከፈት ሌላ ሰሞን ይዘጋል። የዘነበች ጉልበት ግን መንገድ እስኪከፈት አልጠበቀም። አሁን ቤተ ክርስቲያን የምትሳለመው በሁለት ምርኩዝ ነው።

ባለፈው ዓመት በፍልሰታ ጾም የዋሸውን ለንስሐ አባቱ ተናገረ። እሳቸው የጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ ትምህርት ቤት ተምረው ያረጁ ቄስ ናቸው። ሰምተው ሲያበቁ፦

«ይህን ለእግዚአብሔር ተናግረሃል፤ ቀኖናህን እሰጥሃለሁ» አሉት። «ለእሷ ከመናገርህ በፊት ግን እሷን ለማሳረፍ ይሁን ራስህን ለማሳረፍ መርምር።»

«የኔታ፣ ሳታውቅ ስካውቱን በሐሰት ስታማው እየሰማሁ እንዴት ዝም ልበል?»

«መርምር ነው ያልኩህ» አሉት።

የመረመረ መሰለው። ጾሙ እንደተፈታ፣ ከቁርስ በኋላ፣ ዘነበች ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ስትለቅም ከጎኗ ተቀመጠና ነገራት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ አንድም ሳያስቀር። ጣቶቿ ምስሩ ላይ ቆሙ።

«ስንት ቀን ነበር መቆየት?» አለች።

«አንድ ቀን።»

«አንድ ቀን» አለች። ሌላ ነገር ትላለች ብሎ ጠበቀ። ብትሰድበው፣ ብታለቅስ ይሻለው ነበር። እሷ ጠጠሩን አወጣች፣ አንከርዳዱን አወጣች፣ ሰፌዱን አንገዋለለች። ከዚያ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

አልተጣሉም። ምግቡን ታቀርብለታለች፣ መድኃኒቷን ያመጣላታል፣ እሑድ እየተደጋገፉ ይሄዳሉ። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። በመስከረም ማኅበር ከእስቴ የመጣ እንግዳ፣ የመካነ ኢየሱስ ነጋዴ፣ «ዘነበች፣ የደጀንን ነገር አንቺ ስትነግሪው ነው የሚያምረው አሉኝ፤ እስኪ አውሪን» አላት።

«እሱን ጠይቁት» አለች። «እኔ አልነበርኩም።»

ሁሉም ወደ ተሻገር ዞሩ። ጽዋውን አስቀመጠ። ስለ ድንጋዩ ብርድ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ አልመጣለትም። «ወጣሁ» አለ። «ብዙም አልቆየሁም። ወረድኩ።»

እንግዳው ትንሽ ጠበቀ፤ የቀረ እንደሌለ ሲገባው ስለ ዘንድሮ ገብስ መጠየቅ ጀመረ። ዘነበች ምርኩዞቿን ስባ ተነሣችና የሰዎቹን ጽዋ ለመሙላት እንስራውን እንዲያቀርቡላት ጠየቀች።