ዘሐራ ከመድረክ የወረደች ቀን

ባለፈው ግንቦት የአክስቴ የልጅ ልጅ ስትዳር መርሳ ወርጄ ነበር። ዳሱ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡ ጠና ያሉ ሰውዬ ደጋግመው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «አንቱ፣ ያኔ ከዘሐራ ጋር የዘፈኑት ሴት አይደሉም?» አሉኝ።

እኔ ከዘሐራ ጋር አልዘፈንኩም። ከእኔ ጋር የዘፈነችው ዘሐራ ናት፤ ያውም ለጥቂት ቀን። ይህን ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ተውኩት። «አዎ፣ ነኝ» ብዬ ወደ ምግቡ ተመለስኩ። ዕድሜዬ ከስድሳ አልፎ፣ የልጅ ልጅ አይቼ፣ ያ የድሮው ቅናት ልክ እንደ ያኔው ደረቴ ላይ መጥቶ ቁጭ አለ።

ያኔ ገና ሃያን መዝለቄ ነበር። በደርግ ዘመን የሰሜኑ ጦርነት በርትቶ የደሴ–ወልድያ መንገድ ወታደር በጫነ መኪና ይጨናነቅ ነበር። የእኛ የኪነት ቡድንም ወደ ግንባር ለሚያልፈው ጦርና ለየከተማው ሕዝብ እየዘፈነ በአንድ አሮጌ የጭነት መኪና ከደሴ ወደ ሰሜን ይጓዛል። ሰው የዘፋኝ ኑሮ ጭብጨባ ብቻ ይመስለዋል። ከቀኑ የሚበዛው ግን አቧራ፣ መጠበቅና ልብስ ማጠብ ነው። ጠዋት ከተኛንበት የመማሪያ ክፍል ወለል ተነሥተን ድምፅ ማጉያውንና ጄኔሬተሩን እንጭናለን፤ እኛም ከዕቃው በላይ እንጫናለን። ከሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ ዘፍነን ሳይመሽ እናበቃለን፤ መብራት ማብራት ክልክል ነበር።

እኔ ድምፄን እንደ ዓይኔ ብሌን ነበር የምጠብቀው። ዝንጅብል በማር እጠጣለሁ፣ በርበሬ አልቀምስም፣ መኪናው ላይ አፍና አፍንጫዬን በነጠላ ሸፍኜ ከማንም ጋር አላወራም። ውርጌሳ ላይ የተጠበሰ የማሽላ እሸት ሲያቀርቡልን፣ ሌሎቹ እየተሻሙ ሲበሉ እኔ ጉሮሮዬን ይቧጥጠዋል ብዬ ሽታውን ብቻ ይዤ ተነሣሁ። አምባሰል የእኔ ነበር። የቡድኑ መሪ ጋሽ ታደሰ ሌላውን ዘፈን ለፈለገው ቢያድል አምባሰልን ለማንም አይሰጥም። ማሲንቆ የሚመታልኝ እንድሪስ ይባላል፤ ረጋ ያለ፣ ብዙ የማይናገር ልጅ ነበር። በእርግጥ ወደ እሱ የምጠጋው ለማሲንቆው ብቻ አልነበረም።

መርሳ የደረስነው ብርቱካኑ ቢጫ መሆን ሲጀምር ነው። ከእኛ በፊት የቀበሌው ወጣቶች ጥቂት እንዲዘፍኑ ተደረገ። መጨረሻ ላይ አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ቀጠን ያለች ልጅ ወጣች። ማይክሮፎኑን እንኳ እንዴት እንደሚያዝ አታውቅም፤ ከአፏ ጋር አጣብቃው ጮኸባት። አጠገቤ ያሉት ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ማይኩን ራቅ አደረገችና አምባሰል ጀመረች።

«መርሳ ዳር ቆሜ ሰሜኑን ባየው፣
መንገዱ አቧራ፣ የሚመጣው ማነው?»

እንድሪስ ሳይጠራ ማሲንቆውን አንሥቶ ወጣ። ክሩን ለእኔ ከሚቃኘው ትንሽ ከፍ አድርጎ ሲያጠብቀው አየሁ። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚመታላት። ለእኔ ሲመታ ዓይኑን ጨፍኖ አያውቅም።

በማግስቱ ዘሐራ መኪናችን ላይ ነበረች። ጋሽ ታደሰ ከጎኔ አስቀመጣትና የማይክ አያያዝ እንዳስተምራት አዘዘኝ። ልጅቱ ጉሮሮ ያላት አይመስልም። ቃሪያ እንደ ሙዝ ትገምጣለች፣ ስታወራ ትውላለች፣ ከዚያ ያን ሁሉ አቧራ እየሳበች አፏን ከፍታ ትተኛለች። ድምፅዋ ይዘጋል ብዬ ጠበቅሁ፤ እውነቱን ለመናገር እየለመንኩ ነበር የጠበቅሁት። ከሰዓት በኋላ ስትነሣ ያው ድምፅ እንደ ታጠበ ብርጭቆ ሆኖ ይወጣል። በዚያ ላይ በሦስት ዓመት ብቻ የምበልጣትን እኔን «እትዬ ትርንጎ» ትለኛለች። ከማንም ክፉ ቃል ይበልጥ ያቆስለኝ የነበረው ይሄ አክብሮቷ ነው።

ወልድያ ስንገባ በማግስቱ ወደ ግንባር ለሚሄድ ጦር በትምህርት ቤት ሜዳ እንድንዘፍን ታዘዝን። ጋሽ ታደሰ ለብቻዬ ጠርቶ አምባሰሉን ዘሐራ ትዝፈነው፣ አንቺ የመክፈቻውን ዜማ ከኅብረቱ ጋር ምሪ አለኝ። ምክንያቱን አልጠየቅሁትም። ባውቀውም ከአፉ መስማት አልፈለግሁም።

ልብሴን ይዤ ወደ ቧንቧው ሄድኩ። ዘሐራ ተከትላኝ መጥታ ቀሚሴን ከእጄ ተቀብላ ማሸት ጀመረች። እኔ ነጠላዬን በሳሙና ማሸት ያዝኩ። በመጨረሻ እሷው ተናገረች።

«ተቀይመሽኛል፣ እትዬ። እኔ ዘፈን ፈልጌ አይደለም የመጣሁት። ወንድሜ ሰይድ ለውትድርና ከተወሰደ ወሬው ጠፋ። በእግሬ ብሄድ ኬላው አያሳልፈኝም፤ እናንተ ትሄዳላችሁ ሲሉ ሰማሁና መድረኩ ላይ ወጣሁ። አምባሰሉ ለአንቺ ይሁን። እኔ ሰይድን ላግኘው እንጂ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይራራ ነበር። እኔ ግን እጄ ሳሙናው ውስጥ ቀረ። ማርና ዝንጅብል እየጠጣሁ፣ ከወሬ ተቆጥቤ፣ እሸት እንኳ ሳልቀምስ የጠበቅሁት ነገር ለእሷ የይለፍ ወረቀት ኖሯል። ፈልጋው ብትወስድብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሜዳው በወታደር ሞልቷል። ፊት ለፊት አለቆቹና የፖለቲካ ኃላፊው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የመክፈቻውን ዘፍነን ወደ ኋላ አልን፤ ዘሐራ ወጣች። ያን የመንገዱን ግጥም ስትለው ያ ሁሉ ወታደር ወደ እሷ አንጋጠጠ። አንዳንዱ ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ግማሽ ላይ ስትደርስ በድንገት አቆመችና፣ በዚያው ማይክ፣ በተራ የወሬ ድምፅ ጠየቀች።

«የመርሳው ሰይድ ወንድሜ ነው። የሚያውቀው አለ?»

የፖለቲካ ኃላፊው ወደ ጋሽ ታደሰ ዞረ። የጋሽ ታደሰ ፊት አመድ መሰለ። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ጊዜ ቀልድ አልነበረም፤ ቡድኑን ሊያስበትን፣ ሰውም ሊያሳስር ይችላል። ከኋላ በኩል ክንዱን በጨርቅ ያንጠለጠለ ወታደር ተነሣ።

«እዚሁ ሆስፒታል ነው» አለ። «አንድ ላይ ነው ያመጡን። በሕይወት አለ።»

ዘሐራ ማይኩን እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን እንደምታስተኛ ቀስ አድርጋ ወለሉ ላይ አኖረችው። ከዚያ ከመድረኩ ዘለለችና በወታደሩ መሀል ወደ በሩ ሄደች። እየተነሡ መንገድ ለቀቁላት።

ጋሽ ታደሰ «ትርንጎ፣ ቀጥዪ» ሲል ሰማሁት። ወጥቼ ማይኩን አነሣሁ። እንድሪስ ቅኝቱን ሊያወርድልኝ እጁን ሲዘረጋ በዓይኔ ከለከልኩት፤ በእሷ ድምፅ ከፍታ፣ ካቆመችበት ቃል ላይ ያዝኩት። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያ ቀን ዘፍኜ አላውቅም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ የሚያዳምጠኝ ሰው አልነበረምና። ያ ሁሉ ፊት የዞረው እሷ ወደወጣችበት በር ነበር። ስጨርስ አጨበጨቡ፤ ወደ በሩ እያዩ አጨበጨቡ።

ጋሽ ታደሰ በቁጣና በማስጠንቀቂያ ታለፈ። ከሳምንታት በኋላ ወደ ደሴ ስንመለስ መርሳ ላይ መኪናውን አስቁሞ ዘሐራ ቤት ይዞኝ ሄደ። ሰይድ አንድ እግሩን አጥቶ ብርቱካን ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ጋሽ ታደሰ ደሴ እንድትመጣ፣ ስም እንደምታወጣ ብዙ ነገራት። እሷ ወንድሜ ማን አለው ብላ በአጭሩ መለሰችለትና ለመንገዳችን ብርቱካን ልትለቅም ሄደች። እኔ እፎይ አልኩ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ግን ቀናሁባት፤ እንዲያ በቀላሉ እምቢ ማለት በመቻሏ ቀናሁባት።

ከዚያ በኋላ ደሴ ብዙ ዓመት ዘፈንኩ። እንድሪስን አገባሁ፤ ልጆች ወለድን። እስኪሞት ድረስ አምባሰል ሲቃኝ መጀመሪያ ክሩን ከፍ ያደርገውና ቆይቶ ወደ እኔ ቅኝት ያወርደው ነበር። ለምን ብዬ ጠይቄው አላውቅም።

አሁን ወልድያ ከልጄ ጋር ነው የምኖረው። ከሠርጉ ስመለስ ዘሐራ ሐራ ከተማ እንደምትኖር ሰማሁ፤ ወንድሟን ቀብራ ከልጅ ልጆቿ ጋር ነች አሉኝ። ሐራ ሩቅ አይደለም። ልጄ ላድርስሽ ይለኛል፤ እኔ ክረምቱ ይውጣ እለዋለሁ። ክረምቱ ሲወጣም ሌላ ሰበብ አላጣም። መታረቅ አያስፈልገንም፤ እሷ ተጣልታኝ አታውቅም። የምፈራው ሌላ ነው። ደጇ ስደርስ፣ መድረሴን ሳታውቅ፣ ማሽላዋን እያበጠረች ስታንጎራጉር ብሰማትስ? ድምፅዋ እንዳለ ቢሆንስ?